ትምህርት ቤት ለሠራልን ኩባንያ ስለ ውሃው ጥያቄ ማንሳት ነውር ነው?

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ሐተታው ግን ትንሽ ይረዝማል። ታገሡኝ።

አንድ ትልቅ ኩባንያ ወረዳችሁ ገባ እንበል። መንገድ ጠረገ፣ ትምህርት ቤት ሠራ፣ የሰፈሩን ልጆች ቀጠረ። ጥቂት ቆይቶ ሰዎች ወንዛችን ምን ሆነ ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ያን ጊዜ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። ትምህርት ቤቱን ማን ሠራላችሁ?

ይህን መልስ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ያደግሁት ከአንድ ቆዳ ፋብሪካ በታች ነው። ስሙን አልጠራም። ወንዛችን አንዳንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንዳንድ ቀን ቡናማ ሆኖ ይወርድ ነበር። እናቴ ወንዙ ዳር እንዳንደርስ ትቆጣን ነበር፤ ጎመኑን ግን የምትገዛው ከዚያው ወንዝ ከሚያጠጡት ሰዎች ነው። ከየት ታምጣ?

ዛሬ ያነሳሳኝ ግን የለገደንቢ የወርቅ ማዕድን ነው፤ ጉጂ ዞን፣ ሻኪሶ አጠገብ ያለው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሚድሮክ ማዕድኑን ከመንግሥት የገዛው እ.ኤ.አ. በ1997 በ172 ሚሊዮን ዶላር ነው። ፈቃዱ የ20 ዓመት ነበር። በ2010 ዓ.ም. ለ10 ዓመት ሲታደስለት የአካባቢው ሰው ተቃውሞ ወጣ። ልጆቻችን ጉዳት ይዘው ይወለዳሉ፣ ፅንስ ይጨናገፋል፣ ከብቱም ያልቃል አሉ። ኩባንያው ክሱን አልተቀበለም። ግንቦት ላይ መንግሥት ፈቃዱን አገደ። ጥናት ይደረግ ተባለ፤ ተደረገም። በ2013 ዓ.ም. ሥራው እንደገና ተጀመረ። የሰብአዊ መብት ተሟጋቹ ሂውማን ራይትስ ዎች በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ የተደረጉት ጥናቶች ዝርዝር ለሕዝብ ይፋ እንዳልሆነ ጽፏል።

እኔን ያንገበገበኝ ይኼ የመጨረሻው ነው። የምትጠጣው ውሃ ተመረመረ፤ ውጤቱ ግን ለአንተ አልተነገረህም። ታዲያ ይህን መጠየቅ ምስጋና ቢስነት ነው?

(ከዚህ በታች ያለውን የጨመርኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። መልሶቹ 31 ደርሰዋል፤ አዲስ ገቢዎችም ሁሉንም ማንበብ አቃተን ብለዋል። ስለዚህ በተራ ቁጥራቸው እተርክላችኋለሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም። የራሴንም ሐሳብ ጣል ማድረጌ አይቀርም፤ ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።)

መልስ 1. የመጀመሪያው መላሽ በአነጋገራቸው ዕድሜ የጠገቡ ሰው ናቸው። ጥያቄውን ወደዱት፤ መረቁኝም። ነገር ግን በጥንቃቄ ይሁን አሉ። በሩቅ ሆኖ ድንጋይ የወረወረ ሰው የድሃ እንጀራ ላይ ሊያሳርፈው ይችላል ብለው ነው። የሰፈሩ ሰው እንጀራውንም ውሃውንም እኩል እንደሚፈልግ አስታወሱን። ሁሉም መልስ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ክሩ በአምስት መልስ ያልቅ ነበር።

መልስ 2. እርማት ነው። መጀመሪያ የለጠፍኩት ጽሑፍ ላይ ማዕድኑን ኩባንያው የከፈተው አስመስዬ ጽፌ ነበር። ይኼኛው ወንድም በጨዋነት አረመኝ። ለገደንቢን የጀመረው መንግሥት ነው፤ ወደ ግል የዞረው ኋላ ነው። የአዶላ አካባቢ ወርቅ ደግሞ ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ለተከማቸው ነገር ሁሉ አንድ ባለቤት ብቻ መያዝ አይቻልም አለ። ልክ ነው። ጽሑፉን አስተካክያለሁ። አንድ ነገር ጨመረ፤ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። የቦታው ስም የሚጀምርበት ለገ በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው። ማዕድኑ ራሱ የሚጠራው በወንዝ ስም ነው ማለት ነው።

መልስ 3. ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ያደገው ወርቅ በሚወጣበት ሌላ ወረዳ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሆን ብሎ አልጻፈም። ልጅ እያለ መኪና ይዘው የመጡ ሰዎች ከምንጩ ውሃ ቀዱ። ከአክስቱ ክንድ ደም ወሰዱ። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የልጆቿን ቁጥር መዘገቡ። ምሳ ተጋብዘው፣ አመስግነው ሄዱ። አክስቱ ውጤቱን ለዓመታት ጠበቀች። ቀበሌ ሄዳ ጠየቀች፤ ጤና ጣቢያ ሄዳ ጠየቀች። የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። በመጨረሻ ደሜን የት አደረሱት እያለች መሳቅ ጀመረች። እሱ ታምማለች አላለም። ማንንም አልከሰሰም። ደሟ የት እንደደረሰ ብቻ ነው የጠየቀው።

መልስ 4. ኬሚስት ነኝ ያለች እህት ናት፤ ከዚህ በኋላ ደጋግማችሁ ታገኟታላችሁ። ሳያናይድ የሚባለው መርዝ ወርቅ ማውጫ ላይ ምን እንደሚሠራ ከሥሩ አስረዳች። ወርቅ ያለበት ድንጋይ ይፈጫል። ዱቄቱ ኖራ በተጨመረበት ቀጭን የሳያናይድ ውህድ ውስጥ ይነከራል። ሳያናይዱ ወርቁን ያሟሟዋል፤ የተሟሟውን ወርቅ ደግሞ ልዩ ከሰል ይይዘዋል። የሚተርፈው ጭቃ ወደ ግድብ ይሄዳል። ሰው ሁሉ ሳያናይድ ሲባል ይደነግጣል፤ መደንገጡም ልክ ነው፤ በአንድ ቀን ይገድላል። ግን ፀሐይና አየር ሲያገኘው በጊዜ ይበተናል። እሷን የሚያስፈራት አርሴኒክ የሚባለው መርዝ ነው። አርሴኒክን ፋብሪካ አላመጣውም፤ ከወርቁ ጋር ድንጋዩ ውስጥ ተኝቶ የኖረ ነው። ድንጋዩ ሲፈጭ ግን ለውሃና ለአየር ይጋለጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አይበተንም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ልክ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ይህን በምላስ የሚለይ ሰው የለም። የምርመራው ወረቀት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው አለች።

መልስ 5. እዚህ ላይ ነፋሱ ዞረ። አንድ ወንድም በቁጣ ገባ። ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማላችሁ አለን። ጉዳት ይዞ የሚወለድ ልጅ ማዕድን በሌለበት አገርም አለ። የፎሊክ አሲድ እጥረት አለ፤ በቅርብ ዘመዳሞች መካከል የሚደረግ ጋብቻ አለ፤ ባህላዊ ወርቅ አውጪዎች የሚያደፈርሱት ወንዝ አለ። ሁሉን ትቶ ወደ ኩባንያ መሮጥ ኢንቨስተር ማባረር ነው አለ። ከዚያ የእኔን እናትና ጎመኗን አነሳ። ፋብሪካው ባይኖር ጎመኑን በምን ትገዛው ነበር ብሎ። እናቴን ባያነሳ ደስ ይለኝ ነበር።

መልስ 6. አንድ የጤና ባለሙያ ከ5 ቁጥር ሐሳብ ግማሹን ተቀበለ። የአንድን ሕፃን ጉዳት አይቶ ይህ ከዚያ መጣ ማለት አይቻልም፤ እውነት ነው። ለዚህ ደግሞ የወሊድ መዝገብ ያስፈልጋል፣ የውሃ ልኬት በየወሩ ያስፈልጋል፣ ማነጻጸሪያ መንደር ያስፈልጋል። ጥያቄው እነዚህ በማን እጅ ናቸው የሚል ነው። ልኬቱ ያለው በኩባንያውና በመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ማስረጃ አምጣ የሚባለው ግን መሳቢያውን መክፈት ለማይችለው ገበሬ ነው። በሂውማን ራይትስ ዎች ሪፖርት መሠረት በማዕድኑ ዙሪያ በተደረጉ ጥናቶች ውሃውና አፈሩ ውስጥ ከፍ ያለ የአርሴኒክና የሌሎች ብረቶች መጠን መታየቱንም አስታወሰ። እኔ በዚህ ክር ውስጥ አንድ መልስ ብቻ አስቀር ብባል ይህን አስቀራለሁ።

መልስ 7. እግዚአብሔር ይሁነን የሚል ነው። አሜን።

መልስ 8. ታሪክ የሚወድ ሰው ወደ ጃፓን ወሰደን፤ ሚናማታ። ቺሶ የተባለ የኬሚካል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1968 ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ባሕር ውስጥ ይለቅ ነበር። ሜርኩሪው ዓሣው ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ያበዱት ድመቶቹ ናቸው፤ የሚደንሱ እስኪመስሉ ድረስ ይንቀጠቀጡ ነበር። ሰው ላይ መታየቱ በይፋ የተመዘገበው በ1956 ነው። በ1959 የኩባንያው የራሱ ሆስፒታል ሐኪም የፋብሪካውን ፍሳሽ ለአንዲት ድመት መገባትና ያው በሽታ ያዛት። ኩባንያው ውጤቱን አፈነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከታማሚዎቹ ጋር የማጽናኛ ገንዘብ ውል ተፈራረመ። ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ፤ ወደፊት ጥፋቱ የፋብሪካው መሆኑ ቢረጋገጥ እንኳ ተጨማሪ ካሳ አትጠይቁም የሚል። ድመቷን የሚያውቀው ኩባንያ ነው ይህን ያስፈረመው። ፍርድ ቤት ውሉን ያፈረሰው በ1973 ነው። ጸሐፊው በመጨረሻ የመልስ 3ን አክስት አነሳ። የእሷም ደም እንደዚያች ድመት አንድ መሳቢያ ውስጥ ይሆናል አለ።

መልስ 9. 5 ቁጥር ተመለሰ። አሁን አንተ አንቺ እየተባባልን ነው። ጃፓን በዚያ ሁሉ ውስጥ አልፋ አይደል እንዴ የበለጸገችው አለ። ይህን ሲጽፍ ድመቶቹን ረስቷቸው መሆን አለበት። ሃያ ሦስት ላይክ አገኘ፤ እሱም የዚህ ቤት እውነት ነው።

መልስ 10 እስከ 13. እዚህ ሙሉ በሙሉ ከመንገድ ወጣን። ዱባይ የምትኖር እህት ወርቅ ካነሳችሁ አይቀር ብላ የ21 ካራትና የ18 ካራት ልዩነት ጠየቀች። ለእህቷ ሠርግ ነው። አንዱ 18ቱ ይጠነክራል አለ፤ ሌላው ለሽያጭ 21ዱ ይሻላል አለ። ሦስተኛው ፒያሳ የሚያውቀውን ባለሱቅ ሊያስተዋውቅ ሲል አድሚን ከለከለው። ልጅቷ ግን ስትወጣ አንድ ነገር ጣል አደረገች። ባለሱቁ የወርቁን ካራት በማሽን ለክቶ ይነግራታል፤ ከየትኛው መሬት እንደወጣ ጠይቃ ግን አታውቅም። ለካ ከመንገድ አልወጣችም።

መልስ 14. ይህን ከስዊዘርላንድ የመጣ መልስ ያዘው። የለገደንቢ ወርቅ የሚነጠረው እዚያ እሱ በሚኖርበት አገር ነበር። አርጎር ሄሬየስ የተባለው ማጣሪያ እስከ መጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ ይገዛ እንደነበር ያው የሂውማን ራይትስ ዎች ሪፖርት ላይ አለ። ከተጣራ በኋላ ወርቁ የትኛውም ወርቅ ይሆናል፤ አገር የለውም፣ ወንዝ የለውም። ይኸው ወንድም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ስለተደረገው ሕዝበ ውሳኔም ነገረን። የስዊስ ኩባንያዎች ውጭ አገር ለሚያደርሱት ጉዳት በአገራቸው ፍርድ ቤት ይጠየቁ የሚል ነበር። ከሕዝቡ 50.7 በመቶው ደገፈው። ሆኖም በአብዛኞቹ ካንቶኖች፣ ማለትም የስዊስ ክልሎች፣ ስለተሸነፈ ወደቀ። እሱ ዜጋ ስላልሆነ አልመረጠም። ጎረቤቱ አሮጊት ግን ስለ አንተ አገር ብዬ መረጥኩ ብላ ሻይ ጋበዘችው።

መልስ 15. ለንደን ያለ ሰው ደግሞ ዛምቢያን አመጣ። ቺንጎላ አጠገብ ያሉ 1,826 መንደርተኞች የመዳብ ማዕድን ወንዛችንን በከለ ብለው የማዕድኑን እናት ኩባንያ ቬዳንታን እዚያው ለንደን ከሰሱ። ኩባንያው ጉዳዩ የዛምቢያ ነው፣ እዚያ ይታይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክሱ እንግሊዝ አገር መታየት ይችላል አለ። በ2021 በስምምነት አለቀ። እናት ኩባንያ በወረቀት ላይ ስለ አካባቢ ጥበቃ ቃል ከገባ፣ ያ ቃል ሊያስጠይቀው ይችላል ማለት ነው። ሰውዬው ደስ ብሎት ነው የጻፈው፤ መጨረሻው ላይ ስድስት ቃለ አጋኖ አለ።

መልስ 16. ደስታው አልቆየም። ሕግ አዋቂ የሆነች እህት ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰችበት። ለንደን የሚሠራው ለንደን ቤት ላለው ኩባንያ ነው። እኛ የራሳችን ሕግ አለን፣ ማን ተጠቀመበት አለች። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ማንኛውም ሰው ጉዳት ደረሰብኝ ማለት ሳያስፈልገው ብክለት ፈጠረ በሚለው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልተስማማ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ማንኛውም ሰው የሚለውን ሁለት ጊዜ ጻፈችው። እኔ በዚያ ወንዝ ዳር ሃያ ዓመት ኖሬ ይህን አንድም ሰው ነግሮኝ አያውቅም።

መልስ 17. አንዱ ወዲያው፣ እህቴ ወረቀቱ ቆንጆ ነው፣ አቤቱታውን የሚቀበለው ሰው ግን ማን ነው አላት። ደብዳቤውን አስገብቶ የገቢ ማህተም ለማግኘት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ታውቂያለሽ ወይ? እሷም አውቃለሁ፣ ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው ግን ከማህተሙ ነው፣ ማህተሙን ሳትይዝ አትውጣ ብላ መለሰችለት።

መልስ 18 እና 19. የትኛው ብሔር ወርቁን በላ፣ የትኛው ውሃውን ጠጣ ወደሚል ገቡ። 19ኙን አድሚን አጠፋው። 18ቱንም ቢያጠፋው አልጠላም ነበር።

መልስ 20. ልጥፌን ካነበቡት ሁሉ በጣም የተቆጣው ይኼ ሰው ነው፤ እውነቱን ለመናገር መቆጣቱ ይገባዋል። አንድ የአበባ እርሻ ውስጥ መድኃኒት ረጪ ነው። እናንተ ዋይፋይ ላይ ተቀምጣችሁ ኩባንያ ይዘጋ ትላላችሁ አለ። ሲዘጋ መጀመሪያ የሚራበው እኔ ነኝ። ባለቤቱ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ እኔ ወዴት እሄዳለሁ? ጓንቱ ከተቀደደ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ቀይርልኝ ስል ከአጥር ውጭ የቆሙትን ሥራ ፈላጊዎች ያሳየኛል አለ። ስለ ወንዝ ከማውራታችሁ በፊት ስለ ጓንቴ አውሩ አለን።

መልስ 21. እኔ ነኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ይዘጋ አላልኩም፤ ግን እንደዚያ ቢሰማ አልፈርድበትም። ጓንቱና ወንዙ አንድ ጥያቄ መሆናቸውን ልነግረው ፈልጌ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። ለሱ ልነግረው አልተገባኝም።

መልስ 22. ዝም ያሉት የመልስ 1 አባት ተመልሰው መጡ። ለ5 ቁጥር በእርጋታ ልጄ እያሉ ጻፉለት። ኢንቨስተር አይባረር፣ ልክ ነህ አሉት። ነገር ግን ቤትህን ያከራየኸው ሰው ጓዳህ ውስጥ የሚያደርገውን አላሳይም ቢልህ፣ ኪራዩን ስለከፈለ ዝም ትላለህ ወይ አሉት። 5 ቁጥር ላይክ አደረገላቸው። ቃል አልተነፈሰም፤ ግን ላይክ አደረገ። እኔ ስክሪን ሾት አንስቼ አስቀምጫለሁ።

መልስ 23 እስከ 27. ድካም ነው። አንዱ ስለ አቃቂ ወንዝ ጀምሮ ስለ ኮንዶሚኒየም ጨረሰ። አንዱ ክሩ ይዘጋ አለ። አንዷ የመልስ 10 እህት ሠርግ መቼ ነው ብላ ጠየቀች። በጥር ነው።

መልስ 28. መልስ 3 ተመለሰ። የደሟ ጉዳይ ነበር፤ አሁን ግን የውሃው ነው። በቅርቡ አገር ቤት ሊሄድ ነው። ከአክስቱ ምንጭ ውሃ ቀድቶ በራሱ ገንዘብ ቢያስመረምር ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። በጀሪካን ልምጣ ወይስ በምን?

መልስ 29. ኬሚስቷ በደቂቃዎች ውስጥ መለሰችለት። ጀሪካን አይሆንም፤ አሮጌ ጀሪካን ውስጥ ምን እንደነበረ አይታወቅም። አዲስ፣ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይያዝ። በምንጩ ውሃ ሦስት ጊዜ ያለቅልቀው፣ ከዚያ ይሙላው። አርሴኒክ ለመለካት ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ጠብ ይደረግበታል፤ እሱን ራሱ እንዳይነካው፣ አስቀድሞ ላብራቶሪው አሲድ የገባበት ጠርሙስ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ እንዲህ ያለው ግን በውሃ አይለቀለቅም፣ ጠብታው ይሄዳል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ጠርሙሱ ላይ ይጻፍ። ከምንጩ ብቻ ሳይሆን ከማዕድኑ በላይ ካለ ወንዝም አንድ ይቅዳ፤ ያለዚያ ማነጻጸር አይቻልም። የቀዳበትን ፎቶ ያንሳ።

መልስ 30. ሕግ አዋቂዋ አንድ መስመር ጨመረች። ሲቀዳ ሁለት ሰው አብሮት ይቁምና ይፈርሙ።

መልስ 31. ትናንት ማታ ገባ። ሁለት ጠርሙስ ሞልቷል። የፈረሙት አክስቱና የቀበሌው መምህር ናቸው፤ መምህሩ ኩባንያው በሠራው ትምህርት ቤት ነው የሚያስተምረው። አክስቱ ስትፈርም ይኼኛውንስ ማን ይዞት ይሄዳል ብላ ጠየቀች፣ እኔ አላት። ነገ በአውቶቡስ ይመጣል። ጠርሙሶቹን መጫኛ ላይ አደርጋቸው ወይስ ጭኔ ላይ ልያዛቸው ብሎ ይጠይቃል። የምታውቁ ካላችሁ ዛሬ ማታ መልሱለት፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይነሳል።